ወተቱ አለ፣ ጠጪው የለም፦ በጎንደር የአንድ ወተት ማኅበር የጉዳይ ጥናት

ይህ ጉዳይ ለምን ተጻፈ

ስለ ወተት ልማት በየስብሰባው የሚወራው አንድ ነው፦ ወተት ያንሰናል። ላም ይዳቀል፣ መኖ ይቅረብ፣ ምርት ይጨምር ይባላል። ልክ ነው። እኔ የማውቀው አንድ የጎንደር ወተት ማኅበር ግን ሊፈርስ የደረሰው ወተት አንሶት ሳይሆን ተርፎት ነው። ያውም በየዓመቱ፣ በሚታወቅ ወቅት፣ ማንም ሊተነብየው በሚችል ምክንያት።

ማኅበሩን የማውቀው ሒሳቡን በማስተካከል ሳግዝ ነው። የሰዎቹን ስም አልጠቅስም። ማንነታቸው እንዳይለይም የማኅበሩን ቁጥሮች አጠጋግቻለሁ። ቀኖቹና የአገሩ ሕጎች ግን እንዳሉ ናቸው።

ማኅበሩ

ማኅበሩ ከአዘዞ ወጣ ብለው ካሉ ቤተሰቦች ወተት እየሰበሰበ ከተማ ይሸጣል። አባላቱ ከ30 በላይ ናቸው። አብዛኞቹ ሁለት ወይም ሦስት ድቅል ላም አላቸው። ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው፤ ገንዘብ ያዥዋም ሴት ናት፣ በሰፈሩ ለዓመታት እቁብ የሰበሰበች።

መሰብሰቢያው በኪራይ የተሰጣቸው የቆርቆሮ ሼድ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ሲሆን ይከፈታል። በሩ ላይ አንድ ወጣት ላክቶሜትር (የወተት እፍጋት መለኪያ) ይዞ ይቆማል። ወተቱን በመለኪያው ውስጥ ይቀዳና ላክቶሜትሩን ይለቅበታል። መርፌ የሚያህለው አንገት እየተወዛወዘ ቆይቶ ይረጋል። ከ1.026 በታች ከወረደ ውኃ ገብቶበታል ተብሎ ይመለሳል። ቀጥሎ የአልኮል ፍተሻ አለ። ወተቱ ከአልኮሉ ጋር ሲደባለቅ ከተቆራረጠ መኮምጠጥ ጀምሯል ማለት ነው፤ ቢፈላ አይችልም። «እትዬ፣ የዛሬው አልሆነም» ማለት ለዚህ ልጅ የቀኑ ከባድ ሥራ ነው። የሚመልስባቸው ሴቶች አብዛኞቹ እናቱን የሚያውቁ ናቸው።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በአካባቢው ወተት ከመታለቡ በፊት ዕቃው በወይራ ይታጠናል። ቤት ለሚጠጣ ሰው ያ ሽታ የጥሩ ወተት ምልክት ነው። ካፌዎች ግን «ማኪያቶው ጭስ ጭስ ይላል» ብለው ይመልሱታል። ማኅበሩ ለካፌ የሚሄደው ወተት በአሉሚኒየም ማሰሮ፣ ሳይታጠን ይምጣ ብሎ ሲወስን ትልልቆቹ እናቶች ቅር አላቸው። አንዷ «ያልታጠነ ዕቃማ ያልታጠበ ነው» ብለው ለወራት አኩርፈው ነበር።

በፍስክ ወቅት በቀን 370 ሊትር ያህል ይሰበሰባል። አብዛኛው ፒያሳና ማራኪ አካባቢ ላሉ ካፌዎችና ለጥቂት ሆቴሎች ይሄዳል። የቀረው ሼዱ በር ላይ ይቸረቸራል።

ችግሩ

ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ 15 ቀን። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ። የሐዋርያት ጾም አለ፣ ነነዌ አለ፣ ከበዓለ ኀምሳ ውጭ ያሉ ረቡዕና ዓርብ በሙሉ አሉ። ሁሉንም የሚጾመው ሰው አንድ አይደለም። የነቢያትንና የሐዋርያትን ብዙ ምእመን አይጾማቸውም፤ በእነዚያ ጾሞች የካፌ ወተት ቢቀንስም አይቆምም። ሁዳዴና ፍልሰታ ግን ጎንደር ላይ ቀልድ የለባቸውም። ካፌው ወደ ሻይና ጥቁር ቡና ይዞራል። የማኅበሩ ሽያጭ ከ370 ሊትር ወደ 120 ይወርዳል። 250 ሊትር በየቀኑ ሜዳ ላይ ይቀራል። ላሟ አትጾምም።

ይህን ሁሉም ያውቃል። መዝገቡ ሲታይ ግን ጉዳቱን የሚያከብዱ ሦስት ነገሮች ወጡ።

አንደኛው ወጪው ነው። ሁዳዴ የሚውለው በበጋ፣ ሣር በጠፋበት ሰዓት ነው። ፉርሽካና ፋጉሎ የሚወደደው ያኔ ነው። ከዳሽን ቢራ ፋብሪካ የሚወጣው የገብስ ተረፈ ምርትም ያኔ ይሻማል። ስለዚህ ወተት ዋጋ ሲያጣ ወተት ማምረት ደግሞ ይወደዳል። ፍልሰታ በአንጻሩ ክረምት ላይ ነው፤ ሣር አለ፣ ጾሙም አጭር ነው። ሁለቱ ጾሞች ለጸሎት አንድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለሒሳብ ግን አንድ አይደሉም። ማኅበሩ ግን በእቅዱ ላይ ሁለቱንም «የጾም ወቅት» ብሎ በአንድ መስመር ነበር የሚጽፋቸው።

ሁለተኛው ዱቤ ነው። ካፌዎች ወተት በዱቤ ይወስዳሉ፤ በ15 ቀን ወይም በወር ይከፍላሉ። ይህ የከተማው ልማድ ነው፣ ማንም ብቻውን አይለውጠውም። ጣጣው ሁዳዴ ሲገባ ነው። ካፌው ወተት መውሰድ ሲያቆም የድሮውንም ዕዳ መክፈል ያቆማል። ለምን ይቸኩላል? ነገ ወተት አልሰጥህም ተብሎ አይፈራም። ያ ዕዳ ከፋሲካ በኋላ በጭቅጭቅ ይሰበሰባል፤ አንዳንዱም ቀልጦ ይቀራል። ማኅበሩ ገንዘብ በጣም በሚፈልግበት ሁለት ወር ገንዘቡ ሰው እጅ ነው።

ሦስተኛው ብድር ነው። ማኅበሩ ማቀዝቀዣና ማሰሮ የገዛው ከአንድ የብድር ተቋም በተበደረው ነው። ክፍያው በየወሩ እኩል ነው። ጥቅምት ላይ የሚከፈለው መጋቢት ላይም ያው ነው። በዚህ ላይ ሁዳዴ በየዓመቱ ቦታ ይቀይራል። በ2015 የካቲት 13 ገባ። በ2016 መጋቢት 2። በ2017 የካቲት 17። በባሕረ ሐሳቡ ስሌት ከየካቲት 1 ቀድሞ አይገባም፣ ከመጋቢት 5ም አያልፍም። የማኅበሩ የገቢ ጉድጓድ በዚህ መሀል ወዲያና ወዲህ ይላል። የብድሩ ሰንጠረዥ ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

በዚህ ላይ 2016 መጣ። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልሉ በነበረው ሁኔታ መንገድ አንዴ ይከፈታል አንዴ ይዘጋል። የሰዓት እላፊ በነበረበት ጊዜ የማታው እልበት ወደ ሼዱ መድረስ አልቻለም፤ ጠዋት ሲመጣ ግማሹ በአልኮል ፍተሻ ይወድቃል። የሞባይል ዳታ ለወራት ስለተቋረጠ የባንክ መተግበሪያ የሚጠቀሙ ካፌዎች ክፍያ አቆሙ። መጋቢት 2 ሁዳዴ ሲገባ ማኅበሩ ካዝናው ባዶ ነበር። ለአባላቱ የሁለት ዙር ክፍያ አልከፈለም። ስድስት ቤተሰቦች ወተታቸውን ለአንድ ነጋዴ በርካሽ መሸጥ ጀመሩ። አንዱ ጥገት ላሙን ሸጠ።

መጀመሪያ የተሞከረው

አመራሩ መጀመሪያ ያሰበው ማሽን ነው። ወተቱን በፋብሪካ ደረጃ አፍልቶ በላስቲክ አሽጎ መሸጥ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ወተት በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ከቆየ ደኅንነቱ ይጠበቃል፤ በቀዝቃዛ ቦታም ቀናት ይቆያል። ግን ቀናት ነው የሚቆየው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ማሽኑ የጥራት ችግር ይፈታል እንጂ የቀን መቁጠሪያ ችግር አይፈታም። ደግነቱ ሦስት ፌዝ መብራት እስኪገባላቸው ሲጠብቁ ሐሳቡ በራሱ ጊዜ በረደ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ተወስኖ የውጭ ዕቃ ዋጋ ሲሰቀል ደግሞ ጭራሽ ተረሳ።

ቀጥሎ የተሞከረው የፒዛ አይብ ነው። አንድ ሆቴል «ሞዛሬላ ብታመጡ እወስዳለሁ» አላቸው። ሁለት ወጣቶች ሥልጠና ወስደው መጡ። የሠሩት አይብ አንድ ቀን ይለጠጣል፣ አንድ ቀን እንደ አሸዋ ይፈረፈራል። ከ30 ቤት የሚመጣ ወተት ኮምጣጣነቱ በየቀኑ ይለያያል፤ ለእንዲህ ያለ አይብ ደግሞ ይህ ዋናው ነገር ነው። የቱሪስቱም መንገድ ተዘጋ። ሆቴሉ ራሱ ክፍሎቹን መሙላት አቃተው። በአንድ ገዢ ላይ የቆመ ምርት ገዢው ሲያስነጥስ ጉንፋን ይይዘዋል።

አንድ አባል በሬዲዮ ማስታወቂያ እናስነግር አለ። «ጾም ለማይዛቸው ሕፃናት፣ ለሕሙማን፣ ለአራሶች» የሚል። ስብሰባው ተተራመሰ። «ጾም አስገዳፊ ልንባል ነው?» ያሉ ነበሩ። ሐሳቡ ውድቅ ሆነ። በእኔ እምነት ልክ ሠሩ። ሕፃን ያለው ቤት ወተት የት እንደሚገኝ በሬዲዮ ካልተነገረው አያጣውም፤ ማኅበሩ ግን በሰፈሩ ያለውን ስም ቢያጣ መልሶ አያገኘውም ነበር።

የሠራው

ለውጡ የጀመረው ከ2016 ፋሲካ በኋላ ነው። የመጀመሪያው እርምጃ እንዲህ ነበር። ከአባላቱ የአንዷ ወንድም መሪጌታ ናቸው። ተጠርተው መጡና በባሕረ ሐሳብ የመጪዎቹን አምስት ዓመታት ነነዌ፣ ሁዳዴና ፋሲካ አውጥተው በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ገንዘብ ያዥዋ ወረቀቱን ከብድሩ ሰንጠረዥ ጎን ለጠፈችው። ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲታዩ ማብራሪያ አላስፈለገም። የትኛው የብድር ወር ከየትኛው ጾም ጋር እንደሚጋጭ ሁሉም በጣቱ ማሳየት ቻለ። እቅድ የሚባለው ነገር በዚህ ማኅበር ከዚያ በፊት የነበረው ለቢሮ የሚቀርብ ወረቀት ብቻ ነው።

ከዚያ የጾም ተቀማጭ ተጀመረ። በፍስክ ቀናት ከእያንዳንዱ ሊትር 2 ብር ይያዛል፤ ሁዳዴ ላይ ወተት ለሚያመጡት ይከፈላል። ሒሳቡ ይህ ነው። 370 ሊትር በ2 ብር 740 ብር ነው። በ180 የፍስክ ቀን 133,200 ብር ይሆናል። ለ55 ቀን ቢካፈል በቀን 2,400 ብር ገደማ፤ ለማይሸጠው 250 ሊትር ሲደለደል በሊትር ወደ 10 ብር ይጠጋል። የወተቱን ዋጋ አይሞላም። ለፉርሽካ ግን ይሆናል፤ ላም እንዳይሸጥም ያደርጋል።

አባላቱ መጀመሪያ እምቢ አሉ። «የራሴን ገንዘብ ለምን ታስቀምጡብኛላችሁ?» የሚለው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ በተለይ ሁለት ዙር ክፍያ ሳይከፍል የቀረ ማኅበር ሲጠይቅ። ገንዘብ ያዥዋ የመለሰችው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «ይህ እቁብ ነው፤ ዕጣው ሁዳዴ ላይ ለሁሉም የሚወጣ።» ገንዘቡ በተለየ ደብተር ተቀመጠ። ሦስት ሰው ካልፈረመ አይወጣም። ከሦስቱ አንዱ ማኅበሩን በጣም ይነቅፍ የነበረው ሰው እንዲሆን ራሷ ሐሳብ አቀረበች። ይህ ብልሃት ከሒሳቡ በላይ የሠራ ይመስለኛል።

የዱቤው ነገር በቀላል ደንብ ተፈታ፦ ነነዌ ሳይገባ ዱቤ ይዘጋል። ነነዌ ሁልጊዜ ከሁዳዴ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይገባል። ያኔ ካፌው ገና ወተት ይፈልጋል። ቅበላም እየመጣ ስለሆነ ከመቼውም በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ይከፍላል። ያልከፈለ የቅበላ ወተት አያገኝም። በ2017 ሁለት ካፌዎች አንገራግረው ነበር። ወተት ለሦስት ቀን ተቋረጠባቸው፤ በአራተኛው ቀን ከፈሉ። ክፍያው በቴሌብር ሆኗል። በ*127# ያለ ዳታ ስለሚሠራ ኔትወርክ ሲያስቸግርም አልቆመም።

የተረፈው ወተት ወደ ቅቤ ሄደ። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም፤ የጎንደር እናት ሁሉ የምታውቀው ነው። አዲሱ ነገር ስሌቱ ነው። ከ20 ሊትር ወተት አንድ ኪሎ ቅቤ ይወጣል ተብሎ ይታሰባል። የድቅል ላም ወተት ስቡ አነስ ስለሚል ከዚያ በላይ ሊጠይቅ ይችላል። 250 ሊትር በቀን 12 ኪሎ ተኩል ነው። በ55 ቀን ወደ 7 ኩንታል ይጠጋል። 7 ኩንታል ቅቤ የሚይዝ ማቀዝቀዣ የላቸውም፤ መብራትም አይታመንም። ደግሞ ሁሉን ለፋሲካ ማከማቸት ማለት ገንዘብን ሁለት ወር ማሰር ነው።

ስለዚህ ከፋፈሉት። በሁዳዴ መጀመሪያ ሳምንታት የተገፋው ቅቤ ለጋው ሳይቀየር ይሸጣል፤ ገዢው ለራስ ቅባት የሚፈልጉ ሴቶችና አንጥረው የሚያስቀምጡ ቤቶች ናቸው፤ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው። ከደብረ ዘይት (ከሁዳዴ እኩሌታ) በኋላ የሚገፋው ግን ተቀምጦ ለፋሲካ ሳምንት ይወጣል። ያኔ ቅዳሜ ገበያ ላይ የቅቤ ዋጋ ይሰቀላል፤ በሙዝና በረጋ ዘይት የተቀላቀለም ይበዛል። የማኅበሩ ቅቤ ገዢ ፊት ቀልጦ ይታያል። ትንሽ ብረት ድስት፣ የከሰል ምድጃ፣ አንድ ማንኪያ ቅቤ። አንዲት ገዢ «እስቲ እንደገና» ብላ ሦስት ጊዜ አስቀልጣ፣ በመጨረሻ አምስት ኪሎ ወሰደች። አሬራው አይብ ይሆናል፤ አጓቱ ለጥጆች።

አምስተኛው አዲስ ዓለም ነው። አዲስ ዓለም የጎንደር ሙስሊሞች ጥንታዊ ሰፈር ነው። በ2016 ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ቀን ነበር የገቡት። ማኅበሩ ያኔ በራሱ ጭንቀት ተይዞ አላስተዋለውም። በ2017 ግን ረመዳን ሙሉ በሙሉ በሁዳዴ ውስጥ ዋለ። አንድ አባል ከአዲስ ዓለም ሱቅ ነጋዴዎች ጋር ተነጋገረ። ማታ ለማፍጠሪያ ወተትና እርጎ ይፈለጋል። አሁን የማታው እልበት ለዚያ ይሄዳል፤ በቀን 80 ሊትር ያህል፣ በእጅ በእጅ ክፍያ። ሙስሊሞቹ ገዢዎች በወይራ የታጠነውን ይመርጣሉ። ያኮረፉት እናት ተካሱ።

ግማሽ መንገድ የሄደው

በወረቀት ላይ በጣም የሚያምረው ሐሳብ ላሞቹን ከጾሙ ጋር ማስማማት ነበር። ላም ከመውለዷ በፊት ሁለት ወር ያህል መንጠፍ አለባት። እርግዝናዋ 280 ቀን ገደማ ነው። ሚያዝያ ላይ እንድትወልድ ከተፈለገ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ባለው ጊዜ መዳቀል አለባት። እንዲህ ከሆነ የምትነጥፈው ልክ በሁዳዴ ነው። ወተት በማይሸጥበት ጊዜ አትታለብም፣ ውድ መኖም አትጠይቅም። ፋሲካ ሲሆን ወተቷ ሙሉ ነው።

በተግባር ግን ሰኔ ላይ ላሞቹ ከበጋው ወጥተው ከስተዋል። የከሳች ላም ኮርማ አትፈልግም። ብትፈልግም ምልክቱ ሌሊት ታይቶ ጠዋት ይጠፋል። አዳቃይ ባለሙያው በሰዓቱ መድረስ አለበት፤ መንገድ አለ፣ የኮርማው ዘር የሚቆይበት ፈሳሽ ናይትሮጅን ያልቃል። ደርሶም ቢሆን በመጀመሪያው አትይዝም፣ ከ21 ቀን በኋላ ይደገማል፤ በዚህ መሀል ሐምሌ ያልፋል። ከማኅበሩ ላሞች በዚህ ስሌት የተሳካላቸው ከአምስት አንዷ ያህል ናቸው።

ሌላም አለ። ሁለት ላም ያለው ቤት ሁለቱም በአንድ ጊዜ ቢነጥፉበት ልጆቹ ምን ይጠጣሉ? አንድ አባት ይህን ሲጠይቅ ባለሙያው መልስ አጣ። አሁን ስምምነቱ ከየቤቱ አንዷ ላም ብቻ እንድትሞከር ነው። የሚሞከረውም ግንቦትና ሰኔ ላይ ለዚያች ላም ተጨማሪ መኖ መስጠት ለሚችል ብቻ ነው። ይህም ከጾም ተቀማጩ ላይ በብድር ይሰጣል።

ብድሩና ፖሊሲው

ከሁሉም የከበደው ይህ ነው፤ ማኅበሩ ብቻውን የሚፈታው ስላልሆነ።

የብድር ተቋሙን ክፍያ ከጾሙ ጋር አስማሙልን ብለው ጠየቁ። በፍስክ ወራት የበለጠ እንክፈል፣ በሁዳዴ ወለዱን ብቻ። ለተቋሙ ኪሳራ የለውም፤ እንዲያውም የመክፈል ዕድሉ ይሰፋል። የቅርንጫፉ ሠራተኛ በሐሳቡ ተስማማ። «ሲስተሙ ግን አይቀበልም» አለ። በኋላ በሌላ መንገድ ዞሩት፦ አንዱን ክፍያ አስቀድመው በጥር ከፈሉ። መፍትሔ ነው፣ ግን ማኅበሩ ለተቋሙ ሲስተም ሲል ገንዘቡን ያሠረበት መፍትሔ ነው።

ለቅቤው ማከማቻ የአጭር ጊዜ ብድር ከባንክ ጠየቁ። በ2011 የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ 1147 ከብትን፣ በመጋዘን ያለ ዕቃን፣ ሊሰበሰብ ያለ ሒሳብን በመያዣነት ይፈቅዳል። ማኅበሩ ሦስቱም አለው። የተጠየቀው ግን የቤት ካርታ ነው። በዚያ ላይ ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገድቦ ነበር፤ በኋላ ወደ 18 በመቶ ከፍ ቢልም ባንክ ማበደር የሚችለው ጥቂት ሲሆን ለማን እንደሚሰጥ ግልጽ ነው። ሕግ መኖሩና ሕጉን ባንክ መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ ሊጠቀምበት መድፈሩ ሁለት ነገር ነው። ዋጋው በየሳምንቱ የሚለዋወጥ ቅቤ ለመያዣ ምን ያህል እንደሚገመት የሚያሳየው መመሪያ እስካልያዘ ድረስ ካርታ መጠየቁ አይፈረድበትም።

የመንግሥት የምግብ ልማት መርሐ ግብር የሆነው ሌማት ትሩፋት በኅዳር 2015 ሲጀመር ወተት ከዋናዎቹ ዘርፎች አንዱ ነበር። ለማኅበሩም ጥሩ ነገር አምጥቷል፤ ጊደር ያገኙ አባላት አሉ። ሆኖም ከማኅበሩ የሚጠየቀው ሪፖርት ስንት ሊትር ተመረተ የሚል ነው። ስንት ሊትር ተሸጠ የሚል ሳጥን በቅጹ ላይ የለም። በሁዳዴ 250 ሊትር በቀን ገበያ ያጣ ማኅበር በሪፖርቱ ላይ «እቅዱን 100 በመቶ ያሳካ» ሆኖ ይታያል። በነገራችን ላይ ይህን ያስተዋለችው ገንዘብ ያዥዋ ነች። አሁን በቅጹ ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ «ያልተሸጠ» የሚል መስመር እያሠመረች ትልካለች። እስካሁን ማንም አልጠየቃትም፤ ማንም አልመለሰውምም።

ለሌሎች የሚተርፈው

ይህ ጉዳይ የወተት ብቻ አይደለም። ሥጋ ቤት፣ እንቁላል አምራች፣ ኬክ ቤት ሁሉ በአንድ ቀን መቁጠሪያ ይሰቃያሉ። ጎንደር ላይ ደግሞ ሆቴሎች ጥር ላይ ለጥምቀት ሞልተው ከዚያ ባዶ ይሆናሉ። ለእነዚህ ሁሉ የሚሠራው መጀመሪያ ወቅቱን በወረቀት ማውጣት ነው። ወቅቱን ሁሉም በልቡ ያውቀዋል፤ ከብድር ሰንጠረዥ ጎን ሲለጠፍ ግን ሌላ ነገር ያሳያል።

የዱቤው ደንብ ከሁሉም የሚኮረጅ ነው። ዕዳ የሚሰበሰበው ገዢው ገና ሲፈልግህ ነው። ወጪ የለውም፣ ማሽን አይጠይቅም፣ የማንንም ፈቃድ አይሻም። ተቀማጩ ግን እንደዚሁ ሊኮረጅ አይችልም። የሠራው ሴትዮዋ የታመነች ስለሆነች ነው። እምነት በሌለበት ማኅበር ከሊትር ሁለት ብር መያዝ ለጠብ መነሻ ነው። ሌላ ማኅበር ቢሞክረው ከሒሳቡ በፊት ፈራሚዎቹን ይምረጥ።

ማሽን መግዛት ያልተሳካላቸው በመሆኑ ዕድለኞች ናቸው እላለሁ። ይህን ስል የሚቆጡኝ አሉ። ማሽኑ የሚጠቅም ቀን ይመጣ ይሆናል፤ ዕዳው ግን ሁዳዴ ላይ አይጾምም ነበር።

አሁን ያሉበት

በ2017 ሁዳዴ ማኅበሩ አንድም ዙር ክፍያ ሳያሳልፍ ወጣ። ከስድስቱ ቤተሰቦች አራቱ ተመልሰዋል። በ2018ም ረመዳንና ሁዳዴ በቀናት ልዩነት ስለገቡ የአዲስ ዓለሙ ገበያ ረድቷቸዋል።

መሪጌታው በጻፉት ወረቀት ላይ ግን 2019 በቀይ ተከብቧል። በዚያ ዓመት ሁዳዴ የሚገባው የካቲት 29 ነው። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት ስለሚቀድም ያኔ እያለቀ ይሆናል። ሁለቱ የሚገናኙት ቢበዛ ለአንድ ሁለት ቀን ነው። በቀን 80 ሊትር የሚወስደው የማፍጠሪያ ገበያ ሁዳዴ ላይ አይኖርም፤ በምትኩ ከሁዳዴ በፊት ይመጣል፣ ካፌውም ቅበላውም በሚሻማበት ሰዓት። በመጨረሻው ስብሰባ ላይ ሁለት ሐሳብ ቀርቧል። አንዱ ተቀማጩን ከሊትር ወደ 3 ብር ማሳደግ ነው። ሌላው ከአዲስ ዓለም ነጋዴዎች ጋር ለዓመቱ ሙሉ የእርጎ ውል መዋዋል ነው። ስብሰባው ሳይወስን ተበትኗል። ነጋዴዎቹ ውሉን የሚቀበሉት ዋጋው ለዓመት ከታሰረ ነው፤ የፉርሽካን ዋጋ ለዓመት የሚያስርላቸው ግን አላገኙም።